ፒስተን ሲታማ

የአሮጌ ሞተር ሳይክል ፒስተን መጎዳቱ የሚጠረጠረው በሦስት ነገር ነው፤ በጭስ፣ በድምፅና በጉልበት ማጣት። ሦስቱንም ግን ሌሎቹ የሞተር ዕቃዎች ያውቁባቸዋል። ቫልቮላ ሲላላ ያጨሳል፣ ሰንሰለት ሲረግብ ያንኳኳል፣ ካርቡራተር ሲቆሽሽ ጉልበት ይጠፋል። እንዲያም ሆኖ ስሙ ቀድሞ የሚነሣው ፒስተን ነው። ሞተሩ መንገድ ላይ ገና ከመቆሙ፣ ለማየት ከተሰበሰበው ሰው ግማሹ እጁን ኪሱ ከቶ «ፒስተን ነው» ይላል፤ ቀሪው ግማሽ ራሱን ይነቀንቃል። ፒስተን ከውጭ ስለማይታይ መልስ መስጠት አይችልም፤ እንደ ማንኛውም ታሚ የሚታማው በሌለበት ነው።

ለዚህ ሐሜት የናይሮቢው ፓርክላንድስ ጥሩ ማሳያ ነው። ሰፈሩ ከመሐል ከተማ ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ በንጋራና በዌስትላንድስ አጠገብ ይገኛል። ጎዳናዎቹ ከስም ማውጣት ጣጣ ተገላግለው ፈርስት ፓርክላንድስ አቬኑ፣ ሰከንድ ፓርክላንድስ አቬኑ እየተባሉ እስከ ስድስት ይቆጠራሉ። አያት ቅድመ አያቶቻቸው ከሕንድ ክፍለ አህጉር የመጡ ኬንያውያን የሚበዙበት መንደር ነው፤ ለአሮጌ ሞተር ደግሞ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሮያል ኢንፊልድ ቡሌት የሚባለውን ሞተር ሳይክል ለአብነት መውሰድ ይቻላል። በትውልዱ እንግሊዛዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 ማድራስ ውስጥ ለመገጣጠሚያው ድርጅት ተቋቋመለት፤ እንግሊዝ አገር ያለው ሥራ በ1970 ሲያከትም ሕንዶቹ ቀጠሉበት። ስለዚህ የፓርክላንድስ የቡሌት ባለቤት ፒስተን ቢቸግረው፣ ለሠርግ ጉጃራት የሄደች አክስት ሻንጣ ውስጥ በሳሪና በማንጎ አቻር መካከል ተጠቅልሎ ሊመጣለት ይችላል። አዲስ አበባ ላይ የጣልያን ጊዜ ሞተር ይዞ ለሃያ ዓመት መለዋወጫ የሚፈልግ ሰው ይህን ሲሰማ ቢቀና አይፈረድበትም።

የቡሌት 350 ፒስተን ስፋቱ 70 ሚሊ ሜትር በሆነ ሲሊንደር ውስጥ 90 ሚሊ ሜትር ይወጣል፣ 90 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። በወረቀቱ ላይ 346 ሲሲ የሚባለው ይኸው ነው። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር ፒስተኑ በአንድ ሰከንድ ውስጥ 100 ጊዜ ቆሞ 100 ጊዜ ይነሣል። ተሳፋሪ ፍለጋ ይህን ያህል የሚቆም ማታቱ፣ ማለትም የሕዝብ ሚኒባስ፣ ናይሮቢ ውስጥ እንኳ አልተፈጠረም። ከአናቱ የሚነደው እሳት ከ2,000 ዲግሪ ሴልሺየስ ይበልጣል፤ ፒስተኑ የተሠራበት አልሙኒየም ግን ንጹሕ ቢሆን እንኳ በ660 ዲግሪ ይቀልጣል። የማይቀልጠው፣ በወገቡ ዙሪያ የታጠቃቸው ቀለበቶች ሙቀቱን እየተቀበሉ ለሲሊንደሩ ግድግዳ፣ ግድግዳውም ለነፋሱ ስለሚያስረክቡት ነው። ባለጋራዦች እነዚህን ቀለበቶች ፋሻ ይሏቸዋል። ቃሉ ከጣልያንኛ የመጣ ቢሆንም ቁስል ከሚታሰርበት ፋሻ ጋር ዝምድናው አይከፋም፤ ፋሻው ከላላ ቁስሉ አይቀርም።

ምርመራው ከጭስ ይጀምራል። ጥቁር ጭስ የቤንዚን መብዛት ስለሆነ ፒስተንን አይመለከተውም። ሰማያዊው ግን ዘይት እየነደደ ለመሆኑ ምልክት ነው፤ የሚጠየቀውም መቼ መቼ እንደሚያጨስ ነው። የሊሙሩን መንገድ አቀበት ሲወጣ ነዳጅ በተሰጠው ቁጥር ሳያቋርጥ የሚያጨስ ከሆነ ፋሻው ወይም ሲሊንደሩ ይጠረጠራል። ቁልቁለት ላይ ነዳጅ ተለቅቆለት ከቆየ በኋላ እንደገና ሲሰጠው ቡፍ ብሎ የሚያቆም ከሆነ ዘይቱ የሚሾልከው በቫልቮላው መምሪያ ነው። ጠዋት ሲነሣ ብቻ ሰፈሩን አጥኖ ከዚያ የሚጠራ ከሆነ፣ ሌሊቱን ዘይት ወደ ሞተሩ ሆድ ወርዶ አድሯል ማለት ነው፤ አሮጌ የእንግሊዝ ሞተር ይህን እንደ በሽታ ሳይሆን እንደ ጠባይ ይቆጥረዋል። ጎረቤት በየትኛው እንደሚቆጥረው ሌላ ጉዳይ ነው።

ቀጥሎ ድምፅ አለ። ያለቀ ፒስተን ሲሊንደሩ ውስጥ ወዲያ ወዲህ እየተወዛወዘ ግድግዳውን ይመታል። ድምፁ እንደ ባዶ ጣሳ ኳ ኳ የሚል ነው፤ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ይጎላል፣ ሲሞቅ ፒስተኑ አብጦ ቦታውን ስለሚሞላ እየሳሳ ይጠፋል። ከበታች የሚመጣ፣ ሲሞቅና ሲጫን የሚብስ ከባድ ምት ከሆነ ጥፋቱ ፒስተኑን ከሚዞረው ዘንግ ጋር የሚያገናኘው የቢየላው ነው። ሁለቱን ለመለየት የረጅም ካቻቢቴ ጫፍ ሲሊንደሩ ላይ ተተክሎ እጀታው ከጆሮ ይደገናል። መንገደኛው ሰውየው ሞተሩን ስልክ እያነጋገረ ሊመስለው ይችላል፤ እውነቱም ከዚያ ብዙ አይርቅም።

ጭሱና ድምፁ ካልተስማሙ የግፊት መለኪያ ይመጣል። እሳት የሚጭረው ካንዴላ ተፈትቶ መለኪያው በቀዳዳው ይገባል፣ የነዳጁ እጀታ እስከ መጨረሻው ይከፈታል፣ ሞተሩ ደጋግሞ ይረገጣል። ሐበሻ የሆነ ባለ ሞተር እዚህ ላይ አንድ እንቅፋት ይገጥመዋል። በልጅነቱ መርካቶ የለመደው ቋንቋ ካንዴላ፣ ቴስታታ፣ ቢየላ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ የሚል ነው፤ የናይሮቢ ሱቅ ግን ጣልያን አላለፈበትም። «ካንዴላ» ብሎ ቢጠይቅ ባለ ሱቁ መብራት ጠፍቶበት ይሆናል ብሎ ሻማ ወደሚሸጠው ጎረቤት ሊጠቁመው ይችላል። ባለ ሱቁም አይሳሳትም፤ በጣልያንኛ ካንዴላ ማለት መጀመሪያውኑ ሻማ ነው።

የመለኪያው ንባብ ዝቅ ካለ አንድ የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት በቀዳዳው ይንጠባጠብና ልኬቱ ይደገማል። ዘይቱ በፋሻውና በግድግዳው መካከል ያለውን ክፍተት ለጊዜው ስለሚደፍን፣ ንባቡ ከፍ ካለ ጥፋቱ የፋሻው፣ የፒስተኑ ወይም የሲሊንደሩ ነው፤ ባለበት ከቀረ ቫልቮላው ወይም የሲሊንደሩ ክዳን የሆነው የቴስታታው ጓርኒሲዮን ነው። ብዙ ንጹሕ ፒስተን የሚፈረድበት ግን በዚህ ቦታ ነው። የሞተሩ መመሪያ መጽሐፍ ላይ ያለው ቁጥር የተጻፈው ለባሕር ጠረፍ አየር ነው። ናይሮቢ ከባሕር ወለል በላይ 1,795 ሜትር ያህል ላይ ስለተቀመጠች የአየሯ ግፊት በአምስት አንድ ገደማ ያንሳል፤ አዲስ አበባ ላይ ጉድለቱ ወደ ሩብ ይጠጋል። ደህና ሞተርም እዚህ ሲለካ የታመመ ይመስላል። ከፍታውን ያልቆጠረ መካኒክ ዳገቱ ላጎደለው ፒስተኑን ያስቀይራል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ጥርጣሬው ከጸና ሞተሩ ይከፈታል። የቤንዚን ታንኩ፣ ካርቡራተሩና የጭስ ማውጫው ማርሚታ ይወርዳሉ፤ ቴስታታው ይነሣል፤ ሲሊንደሩ ቀስ ተብሎ ወደ ላይ ይሳባል። የፒስተኑ ሥር ብቅ እንዳለ፣ ከምንም ነገር በፊት፣ የሞተሩ አፍ በንጹሕ ጨርቅ ይታፈናል። ፒስተኑን ከቢየላው ጋር የሚያያይዘውን ፒን ግራና ቀኝ የሚይዙት ትንንሽ የሽቦ ክሊፖች የታወቁ ከዳተኞች ናቸው። በካቻቢቴ ሲነኩ አንድም ወደ ሞተሩ ሆድ ይዘላሉ፣ አንድም ወደ ጓሮው ሣር። የፓርክላንድስ ሰው ሦስተኛ ስጋት አለበት። አጠገቡ ያለው ሲቲ ፓርክ ጦጣዎች የሞሉበት ነው፤ የሰው ምግብ መንጠቅ ልማዳቸው ስለሆነ የሚያብለጨልጭ ነገር ግንብ ላይ ዘርግቶ ሻይ ለመጠጣት መግባት አይመከርም። ክሊፑ ባይጠፋም እንኳ ተመልሶ አይገጠምም፤ አንዴ የተጎበጠ ክሊፕ ሥራ ላይ ሳለ ወጥቶ ሲሊንደሩን ከላይ እስከ ታች ይተለትላል።

ፒኑ እንቢ ካለ በመዶሻ አይመታም። ምቱን የሚቀበለው ቢየላው ስለሆነ በአንድ ሺልንግ ክሊፕ የተጀመረ ሥራ በተጣመመ ቢየላ ያልቃል። በፈላ ውኃ የተነከረ ጨርቅ ፒስተኑ ላይ ጥቂት ቢጠመጠም አልሙኒየሙ ሰፋ ይልና ፒኑ በጣት ተገፍቶ ይወጣል። በዚህ ሥራ ላይ ከመዶሻ የሻይ ጀበና ይበልጣል።

አሁን ተከሳሹ ራሱ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜም መናገር ይችላል። ብዙ ሰው ግን አይሰማውም፤ አሮጌውን ወደ ቆሻሻ ወርውሮ አዲሱን ለመግጠም ይቸኩላል። ጎኑ ላይ ከላይ ወደ ታች የወረዱ ቀጫጭን ግራጫ ጭረቶች ካሉ አቧራ ገብቷል ማለት ነው። የናይሮቢን ቀይ አፈር የሚያውቅ ሰው የአየር ማጣሪያውን ሄዶ ቢያይ፣ ወይ ተቀድዶ ወይ ጭራሹን ተነሥቶ ያገኘዋል። ጭረቱ ሰፊና የቀለጠ የሚመስል ሆኖ በአንድ ወገን ብቻ ከታየ ዘይት አልደረሰውም፤ ፓምፑና ቱቦዎቹ ይመረመራሉ። ቁስሉ በአራት ማዕዘን፣ ከፒኑ ግራና ቀኝ በአራት ቦታ ከወጣ፣ ፒስተኑ ሲሊንደሩ ከሚችለው በላይ ቶሎ አብጧል። ሞተሩ ሳይሞቅ ተጋልቧል፣ ወይም ሲገጠም ክፍተቱ ጠብቧል። አናቱ ዳር ዳሩን በጥፍር እንደተቆነጠረ ቂጣ ከተቆራረሰ፣ በፋሻዎቹ መካከል ያለውም ግንብ ከተሰበረ፣ ቤንዚኑ ያለ ሰዓቱ እየፈነዳ ነበር፤ ተጠያቂው የእሳቱ ሰዓት ወይም የቤንዚኑ ጥራት ነው። አናቱ መሐሉ ላይ ተበስቶ የተገኘ እንደሆነ ግን የጉዞው ታሪክ መጠየቅ አለበት።

ታሪኩ ብዙ ጊዜ ሞምባሳ ነው። ናይሮቢ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ካርቡራተሩ ለአየሩ መጠን ቤንዚን ያበዛል፤ ብልህ መካኒክ የቤንዚኑን ቀዳዳ በአነስተኛ ይቀይረዋል። ሞተሩም ይደሰታል። ባለቤቱ ለበዓል ወደ ባሕሩ ይወርዳል፤ 480 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከ1,795 ሜትር ወደ ዜሮ። አየሩ በየሰዓቱ እየወፈረ ይመጣል፣ የቤንዚኑ ቀዳዳ ግን የናይሮቢው ነው። ቤንዚን ያነሰው እሳት ይበልጥ ያቃጥላል፤ ሙቀቱ ከፍ ሲል ሞተሩ ለጥቂት ጊዜ ደህና የሚሮጥ ይመስላል፣ ከዚያ ድንገት ጉልበቱ ይከዳዋል። 2,355 ሜትር ላይ በአዲስ አበባ አየር የተስተካከለ ሞተር ወደ አዋሽና ወደ ድሬዳዋ ሲወርድም የሚገጥመው ይኸው ነው። እንዲህ ያለውን ፒስተን ቀይሮ ካርቡራተሩን መተው አህያውን ፈርቶ ዳውላውን መደብደብ ነው፤ አዲሱም በሚመጣው በዓል እዚያው ቦታ ላይ ይበሳል።

ቁስል ሳይኖርበት በዕድሜ ብቻ ያለቀ ፒስተን በዓይን አይታወቅም፤ ይለካል። ለማያውቅ ሰው ልኬቱ ራሱ ወጥመድ አለበት፤ ፒስተን ክብ ይመስላል እንጂ ክብ አይደለም። ከላይ ጠበብ፣ ከታች ሰፋ ብሎ፣ በፒኑ አቅጣጫ ደግሞ ሆን ተብሎ ሳሳ እንዲል የተሠራ ነው፤ ክብ የሚሆነው ሲግል ነው። ስለዚህ በማይክሮሜትር የሚለካው ከታች፣ ፒኑን በመስቀለኛ በሚያቋርጠው ወገን ነው። በሌላ በኩል የለካ ሰው አዲስ ፒስተን ገዝቶ «ይኸም አልቋል» ብሎ ሊመልስ ይችላል። ሲሊንደሩም ከላይ፣ ከመሐልና ከታች፣ በየቦታውም በሁለት አቅጣጫ ይለካል። የበለጠ የሚበላው ከላይ፣ የመጀመሪያው ፋሻ ከሚመለስበት በታች ነው፤ እዚያ ጣት ሲገባ ጥፍርን የሚይዝ እርከን ካለ ሲሊንደሩ ብዙ ሠርቷል።

ሲሊንደሩ ካለቀ ቶርኖ ቤት ገብቶ ቦር ይደረጋል፣ ማለትም ሰፋ ተደርጎ ይፋቃል፤ ፒስተኑም በዚያው ልክ ከፍ ያለ መሆን አለበት። የእንግሊዝ ሞተሮች ልክ በሺህኛ ኢንች ይቆጠራል፤ ሃያ፣ አርባ፣ ስድሳ። ሃያ ማለት ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ነው። የፓርክላንድስ አቬኑዎች እስከ ስድስት ይደርሳሉ፤ ፒስተኑ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሦስተኛው ላይ መንገዱ ይዘጋል። ስድሳ ላይ የደረሰ ቡሌት ስፋቱ 71.5 ሚሊ ሜትር፣ መጠኑም 361 ሲሲ ይሆናል፤ ዕድሜው በገፋ ቁጥር ወገቡ የሚሰፋው ሰው ብቻ አይደለም። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ለሲሊንደሩ አዲስ የብረት እጅጌ ማልበስ ነው፤ ጣልያኖች ይህን ካሚቻ ይሉታል፣ ሸሚዝ ማለታቸው ነው።

ፒስተን የሚፈለገው ከፓርክላንድስ በንጋራ በኩል ወርዶ ኪሪንያጋ መንገድ ላይ ነው። ሽማግሌዎች አሁንም በድሮ ስሙ ግሮጋን ይሉታል። በመለዋወጫ ሱቆቹና በፀሐይ ላይ በሚሠሩ መካኒኮቹ የታወቀ ነው፤ እነዚህን ባለሙያዎች ኬንያውያን ጁዋ ካሊ ይሏቸዋል፣ «የሚፋጅ ፀሐይ» ማለት ነው። የአዲስ አበባ ሰው ሶማሌ ተራን ካወቀ እዚህ አይጠፋም። ካርቶኑ ላይ ኦርጅናል የሚል ቃል በጎላ መጠን ጥርጣሬም መጉላት አለበት። የሚታመነው ካርቶኑ ሳይሆን ማይክሮሜትሩ ነው፤ ዋናው ሕግም ሲሊንደሩ ከመፋቁ በፊት ፒስተኑ በእጅ መግባት አለበት የሚል ነው። አስቀድሞ አስፍቶ በኋላ ፒስተን የሚፈልግ ሰው፣ ሙሽራ ሳያገኝ ድንኳን እንደ ተከለ ነው። በዚህ አገር ያገለገለ ዕቃ አይናቅም፤ የናይሮቢው ጆጊንደር ሲንግ እ.ኤ.አ. በ1965 የሳፋሪን ራሊ ያሸነፈው ሌላ ሰው በነዳው ቮልቮ ነበር። ፒስተን ላይ ግን ይህ ምሳሌ አይሠራም። ያገለገለ ፒስተን የሌላ ሲሊንደር ትዝታ ይዞ ይመጣል።

ቶርኖ ቤት የሚተላለፈው ትእዛዝ በቁጥር መሆን አለበት። የ70 ሚሊ ሜትር አልሙኒየም በ100 ዲግሪ ሲሞቅ 0.16 ሚሊ ሜትር ያህል ይሰፋል፣ የሲሊንደሩ ብረት ግን ከዚያ ግማሽ ያህሉን ብቻ። በዚህ ምክንያት ሁለቱ ሲቀዘቅዙ የሰው ጠጉር ውፍረት ያህል፣ ከ0.08 እስከ 0.10 ሚሊ ሜትር፣ ክፍተት ይተውላቸዋል። ሠራተኛው ፒስተኑን ሲሊንደሩ ውስጥ ከቶ በጣቱ እየገፋ «ሳዋ ሳዋ» ካለ፣ ልክ ነው ማለቱ ነው፤ ጣቱ ልምድ ያለው ሊሆን ይችላል፣ ግን ጠጉርን ለሁለት የሚሰነጥቅ ጣት የለም። ሥራው መቼ እንደሚያልቅ ሲጠየቅ መልሱ «ኬሾ» ነው። በአማርኛ ነገ ማለት ነው፤ በሁለቱም ቋንቋ ተመሳሳይ ርዝመት አለው። ከተፋቀ በኋላ ግድግዳው እንደ መስተዋት እንዲለሰልስ አይፈለግም። በድንጋይ ተወልውሎ ሰያፍ የሚቆራረጡ ስስ መስመሮች ይወጡበታል፣ ዘይት የሚይዙት እነሱ ናቸው። ከዚያ በሙቅ ውኃና በሳሙና ይታጠባል፤ ነጭ ጨርቅ ሲያብሱት ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ።

ፋሻዎቹ ፒስተኑ ላይ ከመውጣታቸው በፊት አንድ በአንድ ባዶው ሲሊንደር ውስጥ ገብተው የጫፎቻቸው ክፍተት ይለካል። የድሮው ደንብ ለእያንዳንዱ ኢንች ስፋት አራት ሺህኛ ኢንች ያህል ነው፤ ለቡሌት ይህ 0.28 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። ክፍተቱ ከጠበበ ፋሻው ሲግል ጫፍና ጫፉ ተጋፍቶ ይሰበራል። «ቶፕ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ወገን ወደ ላይ ይዞራል፣ የሦስቱ ፋሻ ክፍተቶችም በአንድ መስመር እንዳይውሉ ዙሪያውን ይበተናሉ። ፒስተኑ እንደገና በሙቅ ጨርቅ ሞቆ ፒኑ ይገባል፣ አዳዲሶቹ ክሊፖች በየጎድጓዳቸው መቀመጣቸው በጥፍር ይረጋገጣል። ሲሊንደሩን መልሶ ለማውረድ አንድ ሰው ሲሊንደሩን፣ አንዱ ፒስተኑን፣ አንዱ ፋሻዎቹን ይይዛል፤ አራተኛ ሰው ምክር ይሰጣል። እርሱም አይጠፋም፣ መጀመሪያ ላይ «ፒስተን ነው» ያለው ሰው ነው። የሞተሩን አፍ ያፈነው ጨርቅ ሲሊንደሩ ከመቀመጡ በፊት መውጣቱን ማስታወስ የሚገባው ግን ምክር ሰጪው አይደለም።

አዲስ ፒስተን የገባለት ሞተር መጀመሪያ ላይ አይጋለብም። እስከ 800 ኪሎ ሜትር ድረስ የነዳጁ እጀታ ከግማሽ ብዙ ሳይርቅ፣ ፍጥነቱ ከፍ ዝቅ እየተደረገ ይነዳል። ከልክ በላይ ማባበልም ጥፋት ነው፤ ፋሻው ከግድግዳው ጋር የሚላመደው ሸክም ሲያገኝ ስለሆነ፣ ለአጭር ጊዜ ተጭኖ መልሶ ማሳረፍ ይሻለዋል። ለዚህ የሊሙሩ መንገድ የተመቸ ነው፤ አቀበቱ ይጭነዋል፣ ቁልቁለቱ ያሳርፈዋል። በስድሳ ኪሎ ሜትር ፍጥነት ዳር ይዞ የሚወጣውን ባለ አሮጌ ሞተር ማታቱ እየጮኸ ያልፈዋል፣ ሁለት ተሳፋሪና አንድ የዶሮ ቅርጫት የጫነ ቦዳ ቦዳ የሚባለው የሞተር ታክሲም ያልፈዋል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለውን የሚያውቅ ሐበሻ አይሰማቸውም።

ከመጀመሪያው 200 ኪሎ ሜትር በኋላ የቴስታታው ዳዶዎች ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ እንደገና ጠበቅ ተደርገው ይታሰራሉ፣ የቫልቮላው ክፍተትም ይስተካከላል። 500 ላይ ዘይቱ ይለወጣል። የወጣው ዘይት ፀሐይ ላይ ሲታይ እንደ ዓሣ ቅርፊት ደቃቅ ብልጭልጭ ይኖርበታል፤ ፋሻውና ግድግዳው ሲላመዱ የተፋፋቁት ነው፣ አያስደነግጥም። በጣት ሲታሽ የሚሻክር ካለ ግን ሲሊንደሩ በደንብ አልታጠበም። በሁለተኛው ለውጥ ብልጭልጩ ይጠፋል። አሮጌው ፒስተን በቤንዚን ታጥቦ፣ ቀዳዳ ከሌለው፣ ተገልብጦ የሲጋራ መተርኮሻ ይሆናል፤ ሞምባሳ ደርሶ የተመለሰ ከሆነ ግን አመዱን በቀዳዳው ስለሚያፈስ ለእስክሪብቶ ማስቀመጫ ይውላል።